ሩቅያውን እየቀራችሁ ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት



ውድ ወንድሞችና እህቶች! ቦሌ መድኃኔዓለም ላይ ለሚኖር ወጣት የእባብ ንክሻ የሩቅ ወሬ ይመስላል። በአስፋልትና በፎቅ መሀል ማን እባብ ያያል? ነገር ግን ብዙዎቻችን ገጠር ዘመድ አለን። በየግንባታው ብሎኬት የሚሸከሙት ልጆችም ከገጠር የመጡ ናቸው። ከደጋው መንደር በየዓመቱ ስንት ወጣት ለአረምና ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ፣ ወደ ሁመራና ወደ አብደራፊ ይወርዳል! እዚያ ሜዳ ላይ መሬት ላይ ይተኛል፣ ጎንበስ ብሎ በማጭድ ያጭዳል። እባብ በብዛት የሚነክሰው እንዲህ ያለውን ድሃ ሠራተኛ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት የእባብ ንክሻን ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር ክልል በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ያስገባው እ.ኤ.አ በ2017 ነው። በግምቱ መሠረት በዓለም በየዓመቱ 5.4 ሚሊዮን ያህል ሰው ይነከሳል፤ ከ81,000 እስከ 138,000 የሚሆነው ይሞታል። እጅ እግሩን የሚያጣውና አካል ጉዳተኛ ሆኖ የሚቀረው ደግሞ የሟቾቹን 3 እጥፍ ያህላል።

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ እንምጣ። ገጠር ሰው ሲነከስ አንዳንዴ ወደ መስጂድ ስልክ ይደወላል፤ «ሩቅያ ቅሩልን» ይባላል። በቁርኣን መታከም ሐቅ ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር የለንም። ጥያቄው ሌላ ነው፦ እኛ እየቀራን ሳለ የተነከሰው ሰው የት ነው ያለው? መንገድ ላይ ነው ወይስ ቤት ተኝቶ?

ሁላችንም የምናውቀውን የአቡ ሰዒድ አል-ኹድሪይ ሐዲስ እናስታውስ። ሶሓቦች በጉዞ ላይ ሳሉ የአንድ ጎሳ አለቃ ተነደፈና ፋቲሓ ተቀርቶበት በአላህ ፈቃድ ዳነ። ብዙዎቻችን የምናልፈው ነገር ግን አለ። ሰዎቹ ወደ ሶሓቦች የመጡት ያላቸውን ሁሉ ሞክረው አልጠቅም ሲላቸው ነው። በእጃቸው ያለውን መድኃኒት ትቶ የተቀመጠ አልነበረም። ዛሬ በእጃችን ያለው የመርዝ ማርከሻው መድኃኒት ነው። እሱን ትቶ «ተወክያለሁ» ማለት ሰበብን መተው እንጂ ተወኩል አይደለም። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ታከሙ ብለው አዘዋል።

«እገሌ እኮ በሥር ብቻ ድኗል፣ እገሌ በጥቁር ድንጋይ ድኗል» የሚል አይጠፋም። ይህ የሚሆንበት ምክንያት አለው። በዓመት ከሚነከሰው 5.4 ሚሊዮን ሰው በመርዝ የሚጎዳው ከ1.8 እስከ 2.7 ሚሊዮን ነው። ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ የሚበልጠው የነከሰው እባብ መርዛም ስላልሆነ ወይም መርዙን ስላልለቀቀ ምንም ባይደረግለትም ይተርፋል። ምስጋናውን ድንጋዩ ይወስዳል፤ ቀጣዩ ሰው በእውነት በእፉኝት ሲነከስ ድንጋዩን ታምኖ ይሞታል።

ስለዚህ ከገጠር ከተደወለላችሁ እንዲህ በሏቸው፦
1. አረጋጉት፣ አታስሩጡት። ቀለበትና አምባር ካለው እብጠቱ ሳይጨምር አውልቁለት።
2. የተነከሰውን እግር ወይም እጅ እንደ ስብራት በእንጨት ደግፉት፤ እንዳይንቀሳቀስ።
3. በገመድ ጠርቃችሁ አትሰሩ፣ በምላጭ አትብጡ፣ በአፍ አትምጠጡ።
4. እባቡን ስታሳድዱ ጊዜ አትፍጁ። የተነከሰበትን ሰዓት ያዙ።
5. በቃሬዛም በሞተርም ተሸክማችሁ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። ድዱ ከደማ፣ የዐይኑ ቆብ ከወደቀ ወይም ትንፋሽ ካጠረው መርዙ ሥራውን ጀምሯል ማለት ነው።

ማርከሻው በደም ሥር የሚሰጥ ነው። አንዳንዱን ሰው ስለሚቆጣው ቤት ውስጥ አይወሰድም። ዋጋውም ውድ ነው፤ በየጤና ጣቢያውም አይገኝም። ለአፍሪካ እባቦች ይሠራ የነበረውን አንዱን ዋና መድኃኒት የፈረንሳዩ ሳኖፊ አያዋጣም ብሎ እ.ኤ.አ በ2014 ማምረት አቁሟል። አብደራፊ ላይ ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተነከሱ ሠራተኞችን በነፃ ሲያክም ቆይቷል፤ የአንድ ድርጅት እጅ ግን ለሁሉም አይደርስም።

የከተማ ወጣት ድርሻ እዚህ ላይ ነው። ወንድማችሁ ወደ ቆላ ከመውረዱ በፊት ማርከሻ ያለበትን የቅርብ ሆስፒታል ጠይቁለት፣ ስልኩን ያዙለት። ቦቲ ጫማና ባትሪ ገዝታችሁ ስጡት፤ ከመሬት ከፍ ያለ መኝታና አጎበር ካገኘ ደግሞ የበለጠ ነው። ከመተኛቱ በፊት ምንጣፉን ያራግፍ፤ ይህ ራሱ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ያስተማሩን ሱና ነው። የጀመዓችን ሶደቃም ለምንጣፍና ለቀለም ብቻ አይሁን፤ ለተነከሰ ድሃ የመኪናና የመድኃኒት ወጪም ይዋል።

ሩቅያውን አንተውም። መኪናው ውስጥ፣ መንገድ ላይ፣ አልጋው አጠገብ እንቀራለን። ግን በሽተኛው ቤት ተኝቶ ሰዓቱ አይለፍ።

አላህ ወገኖቻችንን ይጠብቅልን፤ ለታመሙት ሺፋውን ያውርድ። ወላሁ አዕለም።

ገጠር ዘመድ ላለው ሁሉ ሼር አድርጉት።