ማንን ለመምታት ነው?

ወጣት ሆይ፤ ጦርነቱ በ2014 ዓ.ም. በሐይቅ ካለፈ ወዲህ ጠመንጃ ማበጃጀት እንደ ሙያ ተቈጥሯል። አንተም የሲሞኖቭህን ሰደፍ በቤትህ ፈተህ፥ ብረቱ በሚያርፍበት እንጨት ላይ ማጣበቂያ እየሞላህ «ከእንግዲህ አትስትም» ትላለህ።

ሥራው ከንቱ ነው አልልም። እንጨት በክረምት ያብጣል፥ በበጋ ይኰማተራል፤ በላላ ሰደፍ የተቀመጠ ብረትም በተተኰሰ ቍጥር ስፍራውን ስለሚለቅ ጥይቱ ይበተናል። ሲሞኖቭ ደግሞ 10 ጥይት ጎርሶ ራሱ እያቀባበለ የሚተኵስ ነውና መናወጡ ይበዛበታል። (ማጣበቂያው ወደ ቃታው ቤት ሾልኮ ቢገባ የሚያመጣውን መዘዝ እናንተው ታውቃላችሁ።)

ነገር ግን ለምን ትደክማለህ ሲሉህ «ከብቴን ከጅብ፥ ቤቴን ከሌባ ልጠብቅ» ትላለህ። ይህ ሐሰት ነው! ጅብ የሚመጣው እስከ በረትህ ደጃፍ ነው፤ ሌባም እስከ አጥርህ። በ30 እርምጃ ላይ የላላውም የጠበቀውም ሰደፍ እኩል ይመታል። የድካምህ ትርፍ የሚታየው በ200ና በ300 እርምጃ ነው። በዚያ ርቀት በአምባሰል ገደል ሥር የሚያልፈው ማነው? ጅብ ነውን? ወደ ገበያ የሚወርድ ሰው ነው እንጂ፤ ምናልባትም አንተ ደመኛዬ የምትለው ሰው።

ለእርሱ ነገር ወሎ አበጋሮች አሉት። የገዳይንና የሟችን ወገን ፊት ለፊት አስቀምጠው ደም ያደርቃሉ፤ ይህም እንጨትን ከብረት ከማግጠም እጅግ የከበደ ሙያ ነው። እንግዲህ ማጣበቂያው ሳይደርቅ ተነሥና የሰውየውን ስም ለአበጋሩ ንገር።