የወንዝን ቁልቁለት ስናነብ ዝናቡን አንርሳ

የወንዝን ከፍታ ከምንጩ እስከ መዳረሻው የሚያሳየው መስመር፣ ማለትም የወንዝ ፕሮፋይል፣ የተራሮችን ታሪክ ለማንበብ ያገለግላል። ቁልቁለቱ ከሚጠበቀው በላይ ሲበረታ «እዚህ መሬቱ ከፍ ብሏል» ማለት የተለመደ ነው። ድምዳሜው ግን ብዙ ጊዜ ዝናብ በተፋሰሱ ሁሉ እኩል ይዘንባል በሚል ግምት ላይ ይቆማል። ይህ ግምት በኢትዮጵያ ደጋማ ምድር ሊያሳስተን እንደሚችል አምናለሁ።

የወንዝ የመሸርሸር ጉልበት በውኃው መጠንና በቁልቁለቱ ይወሰናል። ስለዚህ አለቱና የመሬቱ መነሣት ፍጥነት አንድ ዓይነት ቢሆኑም፣ ዝናብ ያነሰው ወንዝ ያንኑ ያህል ለመሸርሸር የበረታ ቁልቁለት ያስፈልገዋል። በዓባይ ተፋሰስ ደቡባዊ ክፍል ዓመታዊው ዝናብ በብዙ ቦታዎች ከ1,500 ሚሊ ሜትር ሲያልፍ፣ በተከዜ ተፋሰስ በአብዛኛው ከ1,000 ሚሊ ሜትር በታች ነው። ሁለቱን በተፋሰስ ስፋት ብቻ ማነጻጸር የዝናብን ማነስ እንደ መሬት መነሣት ሊያስቆጥር ይችላል።

«ሸለቆዎቹ የሚሊዮኖች ዓመታት ሥራ ናቸው፤ የዛሬው ዝናብ ምን ይነግረናል?» የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። እርግጥ ነው፣ ዝናቡ በዘመናት ተለዋውጧል፤ የጣና ሐይቅ ደለል እንደሚመሰክረው ሐይቁ ከ16,000 ዓመታት ገደማ በፊት ደርቆ ነበር። ይሁን እንጂ ዝናብን እኩል አድርጎ መውሰድም ስለ ጥንቱ ዘመን የተሰጠ ፍርድ ነው፤ ያውም ማስረጃ የሌለው።

ስለሆነም እያንዳንዱ ጥናት ሁለት ስሌት ያቅርብ፤ አንዱን በተፋሰስ ስፋት፣ ሌላውን በዝናብ በተመዘነ የፍሰት መጠን። በሁለቱም ጸንቶ የሚገኘውን ቁልቁለት ብቻ የመሬት መነሣት ምልክት ብንለው ድምዳሜያችን ይታመናል።