የማሳ ካርታውና የአዛውንቶች ምስክርነት

በአማራ ክልል ገጠር ቀበሌዎች የአርሶ አደሩ ማሳ በካርታ ላይ እየሰፈረ ነው። ቀድሞ በአዛውንቶች ቃል ይጸና የነበረው ወሰን ዛሬ ከአየር ላይ በተነሣ ፎቶና በቅየሳ መሣሪያ ይለያል። ይሁን እንጂ ወሰኑ የት እንደሆነ ለመሣሪያው የሚነግረው አሁንም ሰው ነው።

ከ1967 ዓ.ም በፊት በጎጃምና በጎንደር የቤተሰብ ትውስታ ራሱ የመሬት ማስረጃ ነበር። ርስት የሚጠይቅ ሰው ትውልዱን እስከ አቅኚው አባት ቆጥሮ ማስረዳት ነበረበት። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ያንን ሥርዓት ሽሮ መሬትን የሕዝብ አደረገ። የትውልድ ቆጠራው ቢቀርም ወሰን በድንጋይ፣ በዛፍና በጅረት መታወቁ ቀጠለ።

በ1990ዎቹ አጋማሽ መሰጠት የጀመረው የመጀመሪያ ደረጃ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ትውስታውን ወደ ጽሑፍ አመጣው። ደብተሩ የባልንም የሚስትንም ስም ይይዛል፤ አዋሳኞችንም በአራቱ አቅጣጫ ይዘረዝራል። ካርታ ግን አልነበረውም፤ ስፋቱም ብዙ ጊዜ የተወሰደው በገመድ ወይም በግምት ነበር። በመሆኑም አዋሳኙ ሲሞት ወይም ማሳው ለልጆች ሲከፈል ድንበር የተገፋበት ሰው ዞሮ ዞሮ የሽማግሌ ምስክር ይፈልጋል።

ሁለተኛ ደረጃ ደብተር ይህን ክፍተት ለመሙላት ለእያንዳንዱ ማሳ መለያ ቁጥርና ካርታ ይሰጣል። በቅየሳው ዕለት ባለይዞታውና አዋሳኞቹ ወሰኑን ያሳያሉ፤ ውጤቱም ከመጽደቁ በፊት ለሕዝብ ይፋ ይሆናል። ሥጋቱ ያለውም እዚህ ላይ ነው። ወጣቱ ልጅ ካርታ ማንበብ ቢችልም የወሰን ድንጋዩ ከቦታው መነሣት አለመነሣቱን ላያውቅ ይችላል፤ የሚያውቁት አባት ደግሞ በዕድሜ ምክንያት ቤት ይውላሉ። መሬታቸውን በእኩል አሳርሰው ከልጆቻቸው ጋር ከተማ የሚኖሩ እናት በዕለቱ ካልተገኙ ወሰኑን የሚያሳየው ሌላ ሰው ይሆናል። ያን ዕለት የተፈጠረ ስሕተት በካርታ ከታተመ በኋላ ማረሙ ጊዜና ገንዘብ ይጠይቃል።

ስለዚህ ቀያሹ ከመምጣቱ በፊት ቤተሰቡ አዛውንቱን ይዞ ማሳውን ቢዞር፣ ልጆችም የሚነገራቸውን በስልካቸው ቢቀርጹ ይበጃል። ከተማ ያሉ የቤተሰብ አባላትም ለቅየሳውም ሆነ መዝገቡ ይፋ ለሚሆንበት ጊዜ ቢደርሱ መብታቸውን ያስከብራሉ። ካርታው ከእንግዲህ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ማስረጃ ነው፤ ትክክለኛነቱ ግን የሚወሰነው ወሰኑን የሚያውቁ ሰዎች በሕይወት ሳሉ በሚሰጡት ቃል ነው።