የጥያቄ ምልክት የለበሰ ፍርድ

አራት ኪሎ አስፋልት ዳር ላስቲክ ላይ መጽሔት ዘርግተው፣ ነፋስ እንዳይወስደው ድንጋይ ጭነውበት ሲሸጡ ያየ ሁሉ አንድ ነገር ያስታውሳል። ከሚገዛው ይልቅ ቆሞ ሽፋኑን አንብቦ የሚሄደው ይበዛ ነበር። ስለዚህ «ሽፋኑን ተዉትና ውስጡን አንብቡ» የሚለው የአዘጋጆች መልስ ለእኔ ማምለጫ ነው። ለአብዛኛው ሰው ውስጥ የሚባል ነገር የለም፤ መጽሔቱ ማለት ሽፋኑ ነው። አዘጋጁም ይህን ከማንም በላይ ያውቃል፤ ባያውቅማ ለርዕሱ ያን ሁሉ ቀይ ቀለም አያፈስም ነበር።

ከሁሉ የምትከፋኝ ጥያቄ ምልክቷ ናት። «ሚኒስትሩ ሊወርዱ ነው?»፣ «ጄኔራሉ ከዳ?» የምትለዋን ዓይነት ማለቴ ነው። በአማርኛ እንዲህ ያለው አባባል ጥያቄ የሚሆነው በድምፅ ነው። «ወይ» ወይም «እንዴ» ካልጨመርንበት ቃሉም ቅደም ተከተሉም ያው ነው። እናም ምልክቷ ወረቀቱ ላይ ትቀራለች፣ ወሬው ይሄዳል። አዲስ አበባ ላይ ጥያቄ የነበረው አውቶቡስ ተሳፍሮ ደጀን ሲደርስ «ተባለ» ይሆናል፤ ብቸና ላይ «ነው» ይሆናል፤ ደብረ ወርቅ ሲገባ ምስክር ያገኛል፤ ሞጣማ ቀኑም ሰዓቱም ታውቆ ያድራል። አዘጋጁ ቢጠየቅ «እኛ ጠየቅን እንጂ አላልንም» ይላል። ያቺ ምልክት ለአንባቢ ሳይሆን ለፍርድ ቤት የተጻፈች ናት።

ግሡም ይፈርዳል። ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ከአገር ወጡ። «ሄዱ» ያለውም፣ «ኮበለሉ» ያለውም፣ «ፈረጠጠ» ያለውም የሚያወራው ስለዚያው ቀን ነው። አንቱታን መንፈግ ብቻውን የአንድ አንቀጽ ክስ ያህላል፤ ማስረጃም አይጠየቅበትም።

ሥዕሉ ደግሞ ከቃሉ ይብሳል። ደብረ ወርቅ ማርያምን የተሳለመ የአገሬ ሰው ይህን ማንም እንዲያስረዳው አያስፈልገውም። በቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል ጻድቁ ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ በሁለት ዓይኑ ያያል፤ ኃጥኡ በጎን ተስሎ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ብራና ላይም ቀዩ ቀለም ለአምላክና ለቅዱሳን ስም ነው። ፊደል ያልቆጠሩ አዛውንት እንኳ ማን ማን እንደሆነ በዚህ ይለያሉ። የሽፋን ሠሪውም በዚሁ ቋንቋ ነው ያደገው። የወደደውን ፊት ለፊት፣ ከኋላው ብርሃን ሰጥቶ ያቆመዋል፤ የጠላውን በጎን፣ አፉን እንደከፈተ፣ ግማሽ ፊቱን ጨለማ ውስጥ ከቶ። ልዩነቱ ሠዓሊው ይሁዳን ሲስል ነገሩ ያለቀ ጉዳይ መሆኑ ነው። የሽፋኑ ሰውዬ ገና ቃሉን እንኳ አልተጠየቀም።

የእኛ ብቻ አመል አይደለም። እ.ኤ.አ. ሰኔ 1994 ኦ.ጄ. ሲምፕሰን በግድያ ተጠርጥሮ ሲያዝ፣ ፖሊስ ያነሳውን ያንኑ ፎቶ ታይምና ኒውስዊክ በአንድ ሳምንት ሽፋናቸው ላይ አወጡት። ታይም ፊቱን አጥቁሮት ነበር። አንድም ቃል ሳይጨመር፣ ጎን ለጎን ሲታዩ አንዱ ተጠርጣሪ፣ ሌላው ወንጀለኛ ሆነ። ቁጣው ሲበረታ የመጽሔቱ አዘጋጅ ይቅርታ ጠየቁ። እኛ ዘንድ እርማት ቢወጣ እንኳ ውስጥ ገጽ፣ በደቃቅ ፊደል ነው።

ይህን ስል መንግሥት ደግ አደረገ ማለቴ አይደለም። ሐምሌ 2006 ዓ.ም. ፍትሕ ሚኒስቴር ሎሚ፣ ዕንቁ፣ ፋክት፣ ጃኖና አዲስ ጉዳይ መጽሔቶችን፣ ከነሱም ጋር አፍሮ ታይምስ ጋዜጣን መክሰሱን ሲያስታውቅ፣ ከሽፋኑ ጋር ውስጥ የነበረውም ቁም ነገር አብሮ ጠፋ። ጋዜጠኞች ተሰደዱ። ብልሃቱ ግን እዚሁ ቀረና ወደ ዩቲዩብ ተዛወረ። ዛሬ ቪዲዮ ላይ የምትለጠፈው ምስል ያችው የድሮዋ ሽፋን ናት፤ ቀይ ቀስት፣ የተከበበ ፊት፣ «ሰበር»፣ ከዚያ ያችው ጥያቄ ምልክት።

አሁን ግን ያለነው ጦርነት ውስጥ ነው። ምሥራቅ ጎጃም ላይ «ከተማዋ ተያዘች?» የሚል ምስል ከስልክ ስልክ ሲዞር ሱቅ ይዘጋል፣ መኪና አይንቀሳቀስም፣ የታመመ ልጇን አዝላ የተነሳች እናት ከመናኸሪያ ትመለሳለች። ዳታ በተዘጋባቸው ወራት ደግሞ ቪዲዮውን የሚያየው የለም፤ የሚመጣው ርዕሱ ብቻ ነው፣ ከሩቅ ዘመድ በስልክ። ተናጋሪው ሠላሳኛው ደቂቃ ላይ «ይህን ማረጋገጥ አልቻልንም» ብሎ ይሆናል። ማን ሰማው?

እኛ በፍሪላንስ የምንሠራ ርዕስ አንመርጥም። ጽሑፋችን ምን ለብሶ እንደወጣ የምናየው እንደ ማንኛውም አላፊ አግዳሚ ነው። ስለዚህ የምጠይቀው አዘጋጆችንና የቻናል ባለቤቶችን ነው። ርዕሱን ከመልቀቃችሁ በፊት ጥያቄ ምልክቷን ሰርዙና ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ያለ እሷ በስማችሁ ለመፈረም ካልደፈራችሁ አታውጡት። ውስጥ ያለው መልስ «አልታወቀም» ከሆነም፣ «አልታወቀም» ብላችሁ በዚያው በትልቁ ቀይ ፊደል ጻፉት።