የግጭ ሰዎች ከተራራው ሲወርዱ ምን አጡ?

ስለ ልማት ስናወራ የምንቆጥረው የተሰጠውን ብር ነው። ሰውየው እስከ ዛሬ በምን ይኖር ነበር ብለን የምንጠይቀው ስንቶቻችን ነን?

ግጭን እንውሰድ። በሰሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ፣ 3,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የነበረች የሙስሊሞች መንደር ናት። ፓርኩ በ1978 እ.ኤ.አ. የዓለም ቅርስ ሆነ፤ በ1996 አደጋ ካንዣበባቸው ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ የወጣው በ2017 ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ 418 የግጭ አባወራዎች ወደ ደባርቅ እንዲዛወሩ ተደርጓል።

ዋልያው እንዲጠፋ የሚፈልግ የለም፤ የግጦሹ ጫናም እውነት ነበር። ካሳም ተከፍሏል። ግን የግጭ ሰው ኑሮ ምን ነበር? ገብስ ይዘራል፣ በግ ያረባል፣ ቱሪስት ሲመጣ በቅሎ ያከራያል። ገብሱን ውርጭ ሲመታው በግ ይሸጣል። በሬ ሲሞትበት ከጎረቤቱ ጋር ይቀናጃል፤ ዘር ሲያልቅበት ይበደራል። ካሳው የገብሱን መሬት ሊተምን ይችላል፤ የመቀናጆውን ዋጋ ማን ይተምነዋል? ደባርቅ ላይ ደግሞ ማገዶውም ዱቄቱም በብር ነው። ተራራ ላይ በቅሎ መምራት የሚያውቅ ሰው፣ ዕውቀቱ እዚያው ተራራው ላይ ቀረ።

የልማት ባለሙያዎች ይህን የሚያዩበት መንገድ አላቸው፤ የኑሮ መተዳደሪያ ጥናት ይሉታል። ሮበርት ቼምበርስና ጎርደን ኮንዌይ በ1992 እ.ኤ.አ. ሐሳቡን በሰፊው ጽፈውበታል። በኋላም የሰው ሀብት በአምስት ተከፍሎ መታየት ጀመረ፦ ጉልበትና ዕውቀት፣ መሬትና ውሃ፣ ገንዘብ፣ መሣሪያና መንገድ፣ ዝምድናና መተማመን። ፕሮጀክት ከመታቀዱ በፊት አምስቱም ይታያሉ፤ ክረምትና በጋ፣ ደግ ዘመንና ክፉ ዘመን እየተለየ።

ለጎንደር ሙስሊም ይህ እንግዳ ነገር መሆን አልነበረበትም። አባቶቻችን ርስት በተከለከሉበት ዘመን በሽመናና በንግድ ኖረዋል። መሬት ብቻ የሚቆጥር መዝጋቢ ቢመጣ «ምንም የላቸውም» ብሎ በጻፈ ነበር።

እኛም ግን ከዚህ ስሕተት አልዳንም፤ እውነቱን እንነጋገር። በጀማዓ ገንዘብ አሰባስበን ለአንዲት ባላቸው ለሞተባቸው እናታችን የልብስ ስፌት መኪና ገዛን። ፎቶም ተነሣን። እናታችን ግን የሚኖሩት እንጀራ ጋግረው በመሸጥ ነበር፤ መስፋት አያውቁም። ወራት ሳይቆይ መኪናውን በግማሽ ዋጋ ሸጡት። ቤታቸው ሄደን ስንጠይቃቸው፣ «ልጆቼ፣ ጤፍ በኩንታል የምገዛበት ብታበድሩኝ እኮ ይበቃኝ ነበር» አሉን።