ፕሪሚየም ወይስ ጠርሙስ? ከመግዛታችሁ በፊት መኪናዋን ጠይቋት!

የፍቅር ጣጣችሁን ስንፈታና ስንቋጥር እንደ ልማዳችን ዛሬም ደርሰናል። የዛሬው ደብዳቤም የሦስት ማዕዘን ፍቅር ነው። ሦስተኛዋ ግን ሌላ ሴት እንዳትመስላችሁ፤ ቪትዝ ናት! ደብዳቤው ረዘም ስለሚል አሳጥረን እነሆ፦

«እኔና እጮኛዬ ለሠርጋችን ቀን ቆርጠን ነበር። ቤሩት አራት ዓመት ሠርቼ ባመጣሁት ገንዘብ ላይ እሱ ዕቁቡን ጨምሮበት አንዲት አሮጌ ቪትዝ ገዛን። በስልክ የምትጠራ ታክሲ አድርጎ ይሠራባታል። አሁን አሁን ግን መኪናዋ ቆማ ስትነሳ ትንቀጠቀጣለች፣ ዳገት ላይ ትንፋሽ ያጥራታል፣ ነዳጅም እንደ ውኃ ትጠጣለች። እሱ በየሳምንቱ ከሶማሌ ተራ አንዳንድ ጠርሙስ ማጽጃ እየገዛ ይጨምርባታል። እኔ ሽቶ ከተቀባሁ ዓመት ሊሆነኝ ነው፤ እሷ ግን በየሳምንቱ ትቀባለች! አሜሪካ ያለው ወንድሜ ደግሞ ‹ጠርሙሱን ተዉትና ፕሪሚየም ቤንዚን ቅዱ፣ ሞተር የሚያጸዳው እሱ ነው፣ እኔ ዘጠና ሦስት ነው የምቀዳው› ይለናል። ይሄን የሰማው እጮኛዬ ‹ተራውን ቤንዚን ፕሪሚየም የሚያደርግ ጠርሙስ አለ› ብሎ ሌላ ዓይነት ሊጀምር ነው። ሠርጋችን በጠርሙስ ማለቁ ነው። ማንኛችን ነን ትክክል?
ሽቶ የናፈቃት፣ ከአዲስ አበባ»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን አንብበን ሳቅን፤ ቆየት ብለን ግን አዘንን። አራት ዓመት በሰው አገር የደከምሽበት ገንዘብ ጠርሙስ በጠርሙስ ሲፈስ እንዴት አንዘን? በዚያ ላይ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ በእጅ ያለችን መኪና እንደ ዓይን ብሌን መጠበቅ የግድ ሆኗል።

ፍርዱን ከመጀመሪያው እንንገርሽ። ወንድምሽም እጮኛሽም የሳቱት አንድ ቦታ ላይ ነው፤ በሽታው ሳይታወቅ መድኃኒት አዘዋል። ፕሪሚየም ቤንዚን የአንድ ችግር መድኃኒት ነው፣ የማጽጃው ጠርሙስ ደግሞ የሌላ። አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም። እስቲ በየተራ እንያቸው።

ዘጠና ሦስት ማለት ምን ማለት ነው?

ሞተር ውስጥ ቤንዚንና አየር ተቀላቅለው በፒስተን ይጨመቃሉ። ከዚያ ካንዴላው እሳት ይጭራል፤ እሳቱም ከካንዴላው ተነስቶ በሥርዓት ይዳረሳል። አንዳንዴ ግን እሳቱ ሳይደርስበት ቀሪው ቤንዚን በጭመቃውና በሙቀቱ ብዛት ራሱ ይፈነዳል። ያኔ ሞተሩ ጠጠር የተበተነበት ቆርቆሮ ይመስል ይንኳኳል፤ በተለይ ዳገት ላይ ነዳጅ ስትረግጡ። ይሄ እየበረታ ከሄደ ፒስተን እስከ መብሳት ይደርሳል።

«ኦክቴን» የሚባለው ቁጥር እንግዲህ የቤንዚኑ ትዕግሥት መለኪያ ነው። ቁጥሩ ከፍ ሲል ቤንዚኑ ሳይፈነዳ የበለጠ ጭመቃ ይችላል። በቃ፣ ይሄው ነው! ቁጥሩ ስለ ንጽሕና አይናገርም። ጉልበት ይጨምራል ማለትም አይደለም። ነገረኛ ጎረቤት ላለው ሰው ትዕግሥት ወርቅ ነው፤ ጎረቤቱ ሰላማዊ ከሆነ ግን ትርፉ ትዕግሥት ምን ይሠራለታል?

ነገረኛ ጎረቤት ያላቸው መኪኖች አሉ። ቱርቦ የተገጠመላቸውና ጭመቃቸው ከፍ ያለ ሞተሮች ናቸው። የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ወይም የነዳጅ መክደኛው ውስጠኛ ክፍል «ከዚህ ቁጥር በታች አትቅዱ» ካለ መታዘዝ ነው። «ቢሆን ይመረጣል» ካለ ግን ያው ምክር ነው። የዘመኑ ሞተሮች የሚንኳኳውን የሚያዳምጥ ሴንሰር ስላላቸው እሳቱን ያዘገዩና ራሳቸውን ያድናሉ፤ ትንሽ ጉልበት ይቀንሳል እንጂ ጉዳት አይደርስም። መመሪያው ተራውን ቤንዚን ከፈቀደ ደግሞ ፕሪሚየም መቅዳት ለማደያው ስጦታ መስጠት ነው።

ይሄን ያልነው ከኪሳችን አውጥተን አይደለም። የአሜሪካ የአሽከርካሪዎች ማኅበር «ኤ.ኤ.ኤ.» እ.ኤ.አ. በ2016 ለተራ ቤንዚን በተሠሩ መኪኖች ላይ ፕሪሚየም ሞክሮ ነበር። በጉልበትም፣ በነዳጅ ቁጠባም፣ በጭስም የረባ ለውጥ አላገኘም። አሜሪካውያን በአንድ ዓመት ውስጥ እንዲሁ በከንቱ ለፕሪሚየም ያፈሰሱትን ገንዘብ ማኅበሩ ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው ብሎታል። ወንድምሽም ምናልባት ከነዚህ አንዱ ይሆናል፤ መኪናው ምን እንደምትጠይቅ መጽሐፏን ገልጦ ይይልን።

በነገራችን ላይ፣ በቁጥሩ የሚጣሉ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። አሜሪካ ያለው ወንድም «91 ፕሪሚየም ነው» ይላል፤ ዱባይ ያለችው እህት «91 ርካሹ ነው» ትላለች። ሁለቱም አልዋሹም! ኦክቴን የሚለካው በሁለት መንገድ ነው። አሜሪካ ማደያው ላይ የምትጽፈው የሁለቱን አማካይ ነው። ዱባይና አውሮፓ የሚጽፉት ከፍ ያለውን ብቻ ነው። ስለዚህ የአሜሪካው 87 ከዱባዩ 91 ጋር ይቀራረባል፤ የወንድምሽ 93 ደግሞ ከዱባዩ 98 ብዙም አይርቅም። ዘመድ የነገራችሁን ቁጥር ከመኪናችሁ መጽሐፍ ጋር ስታስተያዩ የየት አገር ቁጥር እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ለአዲስ አበባ ሰው ደግሞ አንድ የምሥራች አለን። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በአንድ አራተኛ ያህል ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር ሲሳሳ ጭመቃው ይቀንሳል፤ የመንኳኳት ዕድሉም አብሮ ይቀንሳል። አሜሪካ ውስጥ ዴንቨርን በመሳሰሉ ተራራማ ከተሞች 85 የተጻፈበት ቤንዚን መሸጥ የተለመደው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ምንም እንኳ ይሄ ልማድ ከካርቡራተር ዘመን የመጣ ቢሆንና የዛሬ መኪና አምራቾች ብዙም ባይወዱት። ሸገር ላይ ዝም ያለች መኪና ወደ አዋሽና ወደ አፋር ቁልቁል ስትወርድ መንኳኳት ከጀመረች፣ ያኔ ስለ ኦክቴን ማውራት ያምራል። የእናንተ ቪትዝ ግን «ትንቀጠቀጣለች» እንጂ «ትንኳኳለች» አላልሽንም። ስለዚህ የትዕግሥት ችግር የለባትም።

ወደ ጠርሙሱ እንምጣ

ሱቅ ውስጥ ጎን ለጎን የተደረደሩት ጠርሙሶች ወንድማማች ይምሰሉ እንጂ ሥራቸው ለየቅል ነው።

አንደኛው «ኦክቴን ጨማሪ» የሚባለው ነው። እጮኛሽ ሊጀምር ያሰበው ይሄን ነው። ላዩ ላይ «10 ፖይንት ይጨምራል» የሚል ካየ 91 የነበረው 101 ይሆናል ብሎ እንዳይደሰት። ብዙ ጊዜ አንድ «ፖይንት» የአንድ ቁጥር አንድ አሥረኛ ነው። 10 ፖይንት ማለት እንግዲህ 91 የነበረው 92 ሆነ ማለት ነው! አንዳንዶቹ ደግሞ ብረት ነክ ቅመም አለባቸው፤ ብረት ያለበት ካንዴላ ላይ ቀይ ዝገት የመሰለ ነገር ይለጥፋል። ለማትንኳኳ መኪና ይሄን መግዛት ሳይታመሙ መርፌ መወጋት ነው።

ሁለተኛው ማጽጃው ነው። ይሄኛው ሙሉ በሙሉ ማታለያ ነው አንልም። ነዳጅ የሚረጨው ኢንጀክተር ጫፉ ላይ ጥቀርሻ ሲይዝ ቤንዚኑን እንደ ጉም መርጨቱ ይቀርና ማንጠባጠብ ይጀምራል። ያኔ መኪናዋ ሚኒሞ ላይ ትንቀጠቀጣለች፣ ነዳጅም ትበላለች። «ፖሊኤተር አሚን» የሚባለው ቅመም በበቂ መጠን ያለበት ማጽጃ ይሄን ጥቀርሻ ቀስ በቀስ ያነሳል። ስለዚህ ስትገዙ ማስታወቂያውን ሳይሆን ጀርባው ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ውስጡ ያለውን የማይናገር ጠርሙስ ብዙ ጊዜ ላምባ ቢጤ ነው።

አጠቃቀሙ ላይ ግን እጮኛሽ ተሳስቷል። ጠርሙሱ ላይ ለስንት ሊትር ቤንዚን እንደሆነ ይጻፋል። መጀመሪያ ጠርሙሱ ይገባል፣ ከዚያ እዚያው ላይ ቤንዚኑ ተቀድቶ ይሞላል። አንዱ ታንክ እስኪያልቅ ይነዳል። የሚደገመውም በሺህ በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ነው እንጂ በየሳምንቱ አይደለም። ዘይት ከመቀየሩ ጥቂት ቀደም ብሎ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል፤ ወደ ሞተር ዘይቱ የሾለከ ነገር ካለ አብሮ ይወጣል። መጨመሩ የበዛ ማጽጃ አዲስ ነገር አያጸዳም፤ ኪስ ነው የሚያጸዳው።

አንድ ነገር እንጨምር። የቆዩት ቪትዞች ኢንጀክተራቸው ቤንዚኑን የሚረጨው ከቫልቮላው ጀርባ ስለሆነ ማጽጃው ቫልቮላውንም እግረ መንገዱን ያጥባል። አዳዲሶቹ ቤንዚኑን በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ የሚረጩ ሞተሮች ግን ሌላ ናቸው። የመግቢያ ቫልቮላቸውን ቤንዚን አይነካውም። ስለዚህ ታንክ ውስጥ ጠርሙስ ብታፈሱ፣ ፕሪሚየም ብትቀዱ፣ ቫልቮላው ላይ ያለው ጥቀርሻ ንቅንቅ አይልም። እሱ የሚጸዳው ጋራዥ ተፈትቶ ነው።

አሜሪካ ላላችሁ ደግሞ፦ እዚያ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ማንኛውም ቤንዚን ማጽጃ እንዲኖረው ሕግ ያስገድዳል፤ ተራውም ቢሆን። እ.ኤ.አ. በ2004 መኪና አምራቾች «ቶፕ ቲር» የሚል ከዚያ የጠነከረ ደረጃ አወጡ፤ እሱም ከ87 እስከ 93 ለሁሉም ነው የሚሠራው። ከላይ የጠቀስነው ማኅበር በዚያው በ2016 ባወጣው ሌላ ምርመራ፣ ይሄን ደረጃ በማያሟላ ቤንዚን የሠራ ሞተር በአማካይ 19 እጥፍ የበለጠ ጥቀርሻ ይዞ ተገኝቷል። ስለዚህ ወንድምሽ ንጽሕና ከፈለገ ማደያ ይምረጥ እንጂ ቁጥር አይምረጥ።

ታዲያ ቪትዟ ምን ሆና ነው?

መንቀጥቀጥ፣ ዳገት ላይ መድከም፣ ነዳጅ መብላት። ለነዚህ ሦስት ምልክቶች ከቆሸሸ ኢንጀክተር በፊት የሚጠረጠሩ ብዙ ናቸው። ቀኑን ሙሉ ለምትሠራ ታክሲ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን እንመክራለን፦

አንደኛ፣ የአየር ፊልትሮው ይውጣና ይታይ። የአዲስ አበባን አቧራ የምታውቂው ነው።

ሁለተኛ፣ ካንዴላዎቹ ተፈትተው ይታዩ። ጫፋቸው ያለቀ ወይም የጠቆረ ካንዴላ ስንት ጠርሙስ ቢፈስበት አይድንም።

ሦስተኛ፣ መኪናዋ ኮምፒውተር ትነበብ። አንደኛው ሲሊንደር እሳት እየሳተ ከሆነ ኮምፒውተሩ የትኛው እንደሆነ ብዙ ጊዜ ይናገራል፤ ጥፋቱም የካንዴላ ኮይል ሊሆን ይችላል። «ቼክ ኢንጂን» መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ መንዳት ደግሞ ያልነደደውን ቤንዚን ወደ ጭስ ማውጫው ልኮ ካታሊስቱን ያቃጥላል። ያኔ የጠርሙስ ሒሳብ ቀልድ ይመስላችኋል።

አራተኛ፣ የነዳጅ ፊልትሮና ፓምፕ፣ የአየር መግቢያው በር ቆሻሻ፣ የተቀደደ የአየር ቱቦ ካለ ይታይ።

አምስተኛ፣ እጮኛሽን በጨዋ ደንብ ጠይቂልን፦ ሰልፍ ሲበዛ በጄሪካን የሚሸጠውን ይገዛል ወይ? እዚያ ውስጥ ምን እንደተቀላቀለ የሚያውቀው ሻጩና ፈጣሪው ብቻ ናቸው። ላምባ የገባበት ቤንዚን ትዕግሥቱ ያልቅና ሞተሩን ማንኳኳት ይጀምራል፤ ውኃ የገባበት ደግሞ መንገድ ላይ ያስቀራል። ከሁሉም ጠርሙስ የሚበልጠው ማጽጃ ንጹህ ቤንዚን ነው።

ይሄ ሁሉ ታይቶ ምንም ካልተገኘ፣ ያኔ አንድ ጥሩ ማጽጃ ይሞከር። አንድ ብቻ! መሥራቱን የምታውቁት ደግሞ በወሬ አይደለም፤ በደብተር ነው። ታንኩ ይሞላና ኪሎ ሜትሩ ይጻፋል። ተነድቶ እንደገና ሲሞላ ስንት ሊትር እንደገባ ይጻፍና ለተነዳው ኪሎ ሜትር ይካፈላል። ከጠርሙሱ በፊት ሁለት ጊዜ፣ ከጠርሙሱ በኋላ ሁለት ጊዜ። ልዩነት ከሌለ ሁለተኛ ጠርሙስ የለም። ልዩነት ኖሮ መንቀጥቀጡ ግን ካልተወ፣ ኢንጀክተሮቹን ፈትቶ በማሽን የሚያጥብ ጋራዥ ይወስዳት።

እንግዲህ ፍርዱ ይሄው ነው። ወንድምሽ ትዕግሥትን ከንጽሕና ጋር አምታቷል። እጮኛሽ ትክክለኛውን ጠርሙስ ይዞ ሊሆን ይችላል፤ ግን ከምርመራ በፊት ይዞታል፣ ያውም በየሳምንቱ። አንቺ ደግሞ ጥያቄ መጠየቅሽ ትክክል ነው፤ «ሁሉም ውሸት ነው» ብለሽ ግን ጋራዥ የሚሄድበትንም ገንዘብ እንዳትከለክዪው። ሰውዬው ጠርሙሱን የሚያፈሰው ለክፋት አይደለም፤ የሁለታችሁ እንጀራ መንገድ ላይ እንዳይቆም ፈርቶ ነው። ደብተሩን አንቺ ያዢ፣ መሪውን እሱ ይያዝ። ወር ሙሉ ለጠርሙስ ይወጣ ከነበረው ካንዴላና ፊልትሮው ተቀንሶ የተረፈ ነገር ካለ ግን፣ እጮኛ ሆይ ስማን፦ እሷም ሽቶ ትቀባ!

ለሳምንት በሌላ ደብዳቤ እስክንገናኝ፣ መንገዱንም ትዳሩንም ያቅናላችሁ። ቸር ይግጠመን!