ለነቀምት የታሰበው ሐዲድ የት ደረሰ?

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ የፈቀዱት የባቡር ሥራ ሦስት ክፍል ነበረው፦ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከእንጦጦ ደግሞ በከፋ በኩል እስከ ነጭ ዓባይ። ሐዲዱ ሐረርን ወደ ጎን ትቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ወደ ምዕራብ የሚሄደው ክፍል ግን ወረቀት ላይ ቀረ። የወለጋ ቡናም በጭነት ከብት ወደ ጋምቤላ እየወረደ፣ ባሮ በሚሞላበት ክረምት በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም ይጓዝ ነበር።

ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ተስፋው ታደሰ። በዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅዱ ዘመን በወጣው ብሔራዊ የባቡር መረብ ውስጥ ከኢጃጂ ተነስቶ በነቀምትና በአሶሳ አድርጎ ኩርሙክ የሚደርስ መስመር ተካተተ። የዕቅዱ ዘመን አለፈ፤ ነቀምት ግን ባቡር አላየችም። በዓለም ገበያ በስሟ የሚታወቀው ቡና ዛሬም በጌዶና በአምቦ በኩል በጭነት መኪና ነው የሚወጣው፤ የባኮ በቆሎም እንደዚያው።

መስመሩ ቀን ተቆርጦለት ወደ ሥራ መግባት አለበት ብለን እናምናለን። ሆኖም ሐዲድ ስለተዘረጋ ብቻ የወለጋ ትንንሽ ከተሞች ይጠቀማሉ ማለት አይደለም።

ይህንን ከምሥራቁ መማር ይቻላል። ሚኤሶ፣ አፍደምና ኤረር ከአሮጌው ባቡር ጋር የኖሩ ከተሞች ናቸው። ባቡሩ እየቆመ ሰው ያወርድ፣ ይጭን ነበር፤ የከተማው ሰው በመስኮት በኩል ምግብና ፍራፍሬ ይሸጥ፣ ከድሬዳዋ የመጣ ዕቃ ይረከብ ነበር። የጣቢያ ሠራተኛው፣ ሐዲድ ጠጋኙ፣ ተሸካሚው፣ ሻይ አፍይዋ፣ ሁሉም በባቡሩ ሰዓት ይውል ነበር። አሮጌው መስመር እየተዳከመ ሄዶ ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ያለው ክፍል ሲቆም ይህ ኑሮ አብሮ ቆመ። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው ኤሌክትሪክ ባቡር ለሀገሪቱ ወጪና ገቢ ንግድ ትልቅ ጉልበት ነው፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን ጣቢያዎቹ ከከተማ የራቁ ናቸው። ድሬዳዋን የሚያህል ከተማ ራሱ መንገደኛውን መሀል ከተማ ካለው አሮጌ ጣቢያ ሳይሆን ከከተማው ውጭ ነው የሚቀበለው። ትንንሾቹ ከተሞች ባቡሩ ሲያልፍ ከማየት ያለፈ ምን አገኙ? ጥያቄው መልስ ይፈልጋል።

ስለዚህ ጣቢያ የት እንደሚሆን ከኮንትራክተሩ በፊት ነዋሪው ይጠየቅ። ባኮና ስሬ ሰውም ጭነትም የሚሳፈርባቸው ጣቢያዎች ያግኙ፤ የነቀምት ጣቢያም ገበሬው ከጉቶ ጊዳ ገጠር ቀበሌዎች ጆንያውን ይዞ ሊደርስበት የሚችል ቦታ ይሁን። ወለጋ ባለፉት ዓመታት በግጭት ብዙ ሰው አጥታለች፣ መንገዶቿም በተደጋጋሚ ተዘግተዋል። ሰላም ሳይወርድ ሐዲድ መዘርጋት እንደማይቻል እናውቃለን። መስመሩ የሚያልፍበትን መሬት ለይቶ ለመከለል፣ ገበሬው የሚከፈለውን ካሳ አስቀድሞ ለማሳወቅ ግን የሚያስጠብቅ ምክንያት አይታየንም። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከኦሮሚያ ክልል ጋር ሆኖ የኢጃጂ–ነቀምት መስመር አሁን ያለበትን ደረጃ ለሕዝብ ይግለጽ፤ ከዕቅድ ወጥቶም ከሆነ ምክንያቱን ነቀምት ድረስ መጥቶ ለነዋሪው ያስረዳ።